የረቡዕ ውዳሴ ማርያም

ታኅሣሥ 3 ቀን፣ ይድረስ ለልጅ ልጄ ለፍሬህይወት ይሄይስ፤

ካለሽበት ሩቅ አገር የጤናሽ ወሬ ይድረሰኝ። እኛ ወረታ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። የፎገራ ውሃ ሸሽቶ ሩዙ ታጭዷል።

አባትሽ ባጃጁ ከተገለበጠበት ሦስት ወር ሆነው። የራሱ ቁስል ጠግጓል፤ ያ ሁሉ ደም ፈስሶት እንኳ ፊቱ ወዝ አግኝቷል። ረቡዕ ጠዋት ግን ለየቀኑ የተለየ ክፍል ያለውን፣ ከልጅነቱ በቃሉ የያዘውን ውዳሴ ማርያም ሲደግም የሰኞውን ጀመረ። አረምሁት።

«እማዬ፣ ዛሬም ልትቆነጥጪኝ ነው?» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ሐሙስም የሰኞውን ደገመ። ዓርብም እንዲሁ። ያን ጊዜ አላረምሁትም።

ያለፈው ደብዳቤሽ ቀን አልተጻፈበትም፤ ሁለተኛ እንዳይለምድሽ። በዚያ የነገርሽኝ፣ ራሱን ተመትቶ ደም ለፈሰሰው ሰው አንጎሉን ይጠብቃል ብለሽ የምታጠኚው መድኃኒት፣ ከአደጋው በኋላ እስከ ስንት ጊዜ ቢሰጥ ይሠራል? ሰዓት ይሁን ወር፣ ለይተሽ ጻፊልኝ። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

አባትሽ ሰላም ብሎሻል። እንደ ወትሮው ከሥር በእጁ እንዲፈርምልሽ ወረቀቱን አልሰጠሁትም፤ ሥራ ይዞ ነበር።

እመቤታችን ከክፉ ትሰውርሽ።

አያትሽ ወለተ ሐና