ከሽፋኑ ያልወጣው ሰርቨር

ለተከበሩ የሶፍትዌር ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ክፍልዎ ኮምፒውተሮች ሳይነቃነቅ እንዲጸና እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር እንዲረዱልኝ እለምናለሁ፦ ልጄ ቀርፋፋ አይደለችም፤ ቀርፋፋው የሰጧት ኮምፒውተር ነው። ይህን የምለው አባቷ ስለሆንኩ ብቻ ሳይሆን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ ሳልለካ የማልናገር ሰው በመሆኔም ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ከቤት ስለምትሠራ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ሰዓት ያዝኩ። አንዲት መስመር ካስተካከለች በኋላ ፕሮግራሙ አለመበላሸቱን ለመፈተሽ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ፈጀ፤ በመሃል ኢሜይል ብትከፍት ኮምፒውተሩ ደርቆ ፍተሻው ከሀ ሁ ጀመረ። ባልደረቦቿ «ፍተሻውን አስጀምሪና ምሳሽን በልተሽ ነይ፤ ቶሎ ከበላሽ ግን ትጠብቂያለሽ» ይሏታል አሉ።

1ኛ. ለልጄ ስለጻፉላት ማስጠንቀቂያ አመሰግናለሁ። «በሥራ ፍጥነት ማነስ» ምክንያት የሙከራ ጊዜዋ ዓርብ ሲያበቃ እንደምትሰናበት ይገልጻል። ከክፍልዎ በፍጥነት የወጣ ነገር ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

2ኛ. በክፍልዎ ሁለት ዓመት በፕላስቲክ ተሸፍኖ ስለኖረው ሰርቨር፣ ስለዚያ ጉልበተኛ ኮምፒውተርም አመሰግናለሁ። እንግዳ ሲመጣ ይገለጣል፣ ሲሄድ ይከደናል፤ ሙሽራም ይህን ያህል አልተከናነበችም። ልጄ ያቀረበችው ሐሳብ አጭር ነበር፦ ሠራተኛው የጻፈውን ሁሉም ሥራቸውን ወደሚያስቀምጡበት የጋራ ማከማቻ በላከ ቁጥር ሰርቨሩ ራሱ ተቀብሎ ይፈትሽ፣ ስሕተት ካገኘ ይንገረው፣ ሠራተኛው እስከዚያ ሌላ ይሥራ። አሠራሩን ጽፋ ጨርሳለች፤ የቀረው የእርስዎ ፈቃድ ነው።

3ኛ. እርስዎ ግን «በሌላ ማሽን ማስፈተሽ ኩረጃ ነው» ብለው ከለከሉ። በኩረጃ ላይ መጠነኛ ልምድ ስላለኝ ልድፈር፦ መልስን ከጎረቤት መውሰድ ኩረጃ ነው፤ የራስን መልስ ለአራሚ ማስረከብ ግን ትምህርት ቤቶች ሁሉ የቆሙበት ሥርዓት ነው። እኔም ቀይ እስክሪብቶዬን በፕላስቲክ ጠቅልዬ ተማሪዎቼን «ራሳችሁ አርሙ፣ የዘገየ ይባረራል» ብያቸው ቢሆን ኖሮ ብዙ ባረፍኩ ነበር።

ትዕግሥትን ለሠራተኞችዎ በነጻ የሚያስተምሩበትን ዘዴ ከሩቅ የማደንቅ፣
የአንዲት ሠራተኛዎ አባት

ተጨማሪ፦ የስንብት ደብዳቤዋን መጻፍዎ ካልቀረ በእርሷ ኮምፒውተር እንዲጽፉት እለምናለሁ፤ እስኪያልቅ ጡረታዋ ይደርሳል። የዚህን መልስ ግን በራስዎ ኮምፒውተር ጽፈው፣ እባክዎ ከሐሙስ በፊት ይላኩልኝ።