የሙሽራው እጅጌ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ወደታች ትሰማለህ። «ትሰማለህ» ያልኩት ይህን ደብዳቤ የሚያነብልህ ወንድምጋሼ መሆኑን ስለማውቅ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ለእሱ ሁለት ቃል ልበል። ወንድምጋሼ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ ቀስ ብለህ አንብብ። የማትወደው ቦታ ስትደርስ እንዳትዘል፤ ስትዘል ድምፅህ እንደሚቀጥን አባዬም እኔም ከልጅነትህ ጀምሮ እናውቃለን። ስለ አንተ ክፉ ነገር አልጻፍኩም። ብዙ አልጻፍኩም ማለቴ ነው።

ፖስታው ውስጥ ከደብዳቤው ሌላ አንድ የታጠፈ ወፍራም ወረቀት አለ። እሱን አባዬ ጭን ላይ አስቀምጥለት። እኔ እስክላችሁ ግን አይዘርጋ።

አባዬ፣ የምጽፍልህ ስለ ሱቁ ነው። ዐይንህ ደክሞ የስፌት መኪናውን ሸፍነህ ወደ ወንድምጋሼ ቤት ከሄድክ ሦስት ዓመት ሆነ። አሁን ወንድምጋሼ ሱቁን የሚከራይ የሞባይል ነጋዴ አግኝቷል፤ በሚመጣው ወር መጀመሪያ ሊፈራረሙ ነው። ሲያማክርህ «እንደመሰላችሁ አድርጉ» አልከው አሉ። ለእሱ መስሎታል፤ ለእኔ ግን አልመሰለኝም። እዚያ ቤት የመጻሕፍት መደብር ልከፍትበት እፈልጋለሁ።

ይህን በስልክ ስነግረው ወንድምጋሼ፣

«አንቺ፣ ጤነኛ ነሽ? በዚህ ዘመን መጽሐፍ የሚገዛ ማን አለ?» አለኝ።

«እኔ አለሁ።»

«ሻጭም አንቺ፣ ገዢም አንቺ። ጥሩ ንግድ ይዘሻል።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ቆሽቴ አረረ። እውነቱን ለመናገር በእሱ አልፈርድም። እሱ የሚያውቀው በአሥር ዓመቷ ጠረጴዛ ሥር ገብታ የምታነበውን እህቱን ነው። ያቺ ልጅ ምን እንደሠራች ዛሬ ሁለታችሁም አብራችሁ ትሰማላችሁ።

ሥራዬን ለቅቄያለሁ። ይኸውና ተናገርኩት። አንተ «ልጄ ትልቅ መሥሪያ ቤት ናት» እያልክ ስትኮራ ስለኖርክ በመዝገብ ቤቱ ምን እንደምሠራ አፍ አውጥቼ ነግሬህ አላውቅም። ፋይል ከመደርደሪያ አወጣለሁ፣ አስፈርሜ እሰጣለሁ፣ ሲመለስ ቦታው እከታለሁ። አሥራ አራት ዓመት። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ፋይል ተቀብሎ ፊቱ የፈካ ሰው አንድም አላየሁም። የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ለአለቃዬ የሰጠሁት ሰኞ ነው። መነጽሩን አውልቆ አነበበው፣ መልሶ አድርጎም አነበበው።

«የተሻለ መሥሪያ ቤት አገኘሽ?»

«አይ፣ ሱቅ ልከፍት ነው።»

«የምን ሱቅ?»

«የመጽሐፍ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም። «ቤተሰብሽ ያውቃል?» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የታመምኩ ይመስል።

«ደብዳቤ እጽፍላቸዋለሁ» አልኩት።

ነገሩ እንዲያው ባዶ ምኞት እንዳይመስልህ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በተዘጋው ሱቅህ በር ላይ ሸራ ዘርግቼ ያገለገሉ መጻሕፍት ስሸጥ ነበር። አልነገርኩህም፤ መንገድ ላይ ተቀምጣ ትሸጣለች ብለህ እንዳታዝን ፈርቼ። ደንበኞች አሉኝ፣ አባዬ። አንድ የታክሲ ሾፌር አለ፤ መጽሐፍ የሚመርጠው በውፍረቱ ነው። «ቀጭኑ ተራ ስጠብቅ ያልቅብኛል» ይላል። አንዲት ነርስ ደግሞ አለች፤ የገዛችውን አንብባ ትመልስልኝና መጨረሻው ስላላስደሰታት እኔን ትቆጣኛለች። ቆማ ከጨቀጨቀችኝ በኋላ ሌላ ገዝታ ትሄዳለች። ስሜን አያውቁትም፤ «ልብስ ሰፊው በር ላይ ያለችው» ነው የሚሉኝ። አየህ፣ ሦስት ዓመት ዘግተኸውም በሩ ያንተው ነው።

ገዢ ሲጠፋ በበሩ ስንጥቅ አጮልቄ ወደ ውስጥ አያለሁ። መቁረጫ ጠረጴዛህ እንዳለ ነው። ትልቁ መስታወት አቧራ ለብሷል። ሰዎች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ በአንድ በኩል ተንጠልጥሏል። እኔ ከእነዚህ አንዱንም አልነካም። ጠረጴዛው ላይ አዲስ የገቡት መጻሕፍት ይደረደራሉ፣ ዙሪያውን ወንበር አደርጋለሁ። ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው ጥግ ልጆች የሚያነቡባት ትሆናለች። የትምህርት ቤት መጻሕፍት ከበሩ አጠገብ ይሆናሉ፣ ቤቱን የሚያቆሙት እነሱ ስለሆኑ። አንድ አናጺም መጥቶ ከውጭ ግድግዳውን በእርምጃ ለክቶልኛል። «መጽሐፍ ይከብዳል፣ በቀጭን ጣውላ እንዳትቀልጂ» ሲለኝ አንተን የሰማሁ መሰለኝ።

እስካሁን የጻፍኩት ቀላሉን ነው። አሁን ወደ ከባዱ ልግባ፤ ወንድምጋሼ፣ እዚህ ጋ ውኃ ጠጣና ቀጥል።

አባዬ፣ ጨርቅ ከመቁረጥህ በፊት በወረቀት የምታወጣውን ቅድ ታስታውሳለህ? የሰውን ልክ በደብተር አትጽፍም ነበር። ልኩን የሚይዘው ቅዱ ነው፤ ቆርጠህ፣ የባለቤቱን ሥራ በእርሳስ ጽፈህበት፣ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ትሰቅለዋለህ። «የመምህሩ ጀርባ»፣ «የፖስተኛው ኮሌታ»፣ «የሐኪሟ እጅጌ»። ወረቀቱን የምታገኘው ከአሮጌ መጻሕፍት ነበር፤ በኪሎ ትገዛና ገጹን ገንጥለህ በዱቄት ሙጫ እያጣበቅክ ሰፊና ወፍራም ታደርገዋለህ። እኔ ማንበብ የለመድኩት ከእነዚያ ምስማሮች ሥር ቆሜ ነው። አንገቴን አጣምሜ ኮሌታ አነብባለሁ፣ ከኮሌታ ወደ ኪስ እሄዳለሁ። አንተ መኪናህን እየረገጥክ «መርፌ፣ ብርሃን አትከልዪኝ» ትለኝ ነበር። ቅጥነቴን አይተህ ያወጣህልኝ ስም እስከዛሬ አልለቀቀኝም።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ታሪክ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ከወንድሙ ጋር ተጣልቶ ሀገር ጥሎ የሄደ ሰው ከብዙ ዘመን በኋላ ተመልሶ የወንድሙን ቤት ይፈልጋል። መነሻው የፖስተኛው ጀርባ ላይ ነበር፣ መሐሉ የሐኪሟ ቀሚስ ላይ። የእያንዳንዱ ገጽ ሌላኛው ፊት በሙጫ ስለተለጠፈ ታሪኩን ያገኘሁት አንድ ገጽ እየዘለልኩ ነው። የጎደለውን በሐሳቤ እሞላለሁ። መጨረሻው የተገኘው የሙሽራው እጅጌ ላይ ነበር። ሰውየው በሩን ያንኳኳል። ከውስጥ ድምፅ ይመጣል፤ «ማን ነው?» ገጹ እዚያ ላይ ያልቃል።

ሙሽራውን አልረሳኸውም፤ እኔም አልረሳሁትም። ከሌላ ከተማ መጥቶ ተለክቶ ሄደ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ የሚያየው በሠርጉ ዋዜማ ነው። እስከዚያ ከሰፋኸው ሁሉ ውድ ጨርቅ ነበር፤ ልነካው ስል እጄን እንድታጠብ ታደርገኝ ነበር።

ቅዱን ከምስማሩ ያወረድኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ነበር፣ አንተ ክር ልትገዛ ወጥተህ። የዚያን ገጽ ጀርባ ማየት ነበረብኝ፤ ሌላ ምንም አልታየኝም። ወደ ቤት ወስጄ ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ አሻሸሁት። ገጹ ተላቀቀ፣ ቅዱ ግን ራሰና ተልፈሰፈሰ። እንዲህ ሆኖ ምስማር ላይ ሊሰቀል አይችልም። ፍራሼ ሥር ከተትኩት፣ ሲደርቅ እመልሰዋለሁ ብዬ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስመለስ ጨርቁ ተቆርጦ ነበር።

ቀኑን ሙሉ ፈልገኸዋል። ወንድምጋሼ ነው የነገረኝ፤ ምስማሩን አንድ በአንድ እየነካህ፣ ጠረጴዛ ሥር እያጎነበስክ። ቀኑ ደርሶብህ ነበርና በመጨረሻ ከትዝታህ ቆረጥከው። በዋዜማው ሙሽራው መስታወቱ ፊት ቆሞ ለበሰው፣ እጅጌው በሦስት ጣት አጠረ። የተረፈ ጨርቅ አልነበረም። የሙሽራው አባት «ዐይን ሲደክም ለልጆች መልቀቅ ነው» ሲልህ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። እነሱ ከሄዱ በኋላ ለራስህ እንዲህ አልክ፦ «ፊት ለፊቴ ተሰቅሎ ሳለ ነው ያላየሁት። ዐይኔ ከዳኝ።»

ያኔ ልወጣ ይገባኝ ነበር። አልወጣሁም። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነጋታው አንድ ሰዓሊ ጠርተህ «ሙሉ ልብስና ሱሪ እንሰፋለን» ከሚለው ሰሌዳህ ላይ «ሙሉ ልብስና» የሚለውን በቀለም አስጠፋኸው። ከዚያ በኋላ ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ሆነ ሥራህ። በየጠዋቱ መስኮት አጠገብ ቆመህ ክር በመርፌ ስታስገባ፣ ዐይንህን ስትፈትን አይሃለሁ። በመጀመሪያው ሙከራ ታስገባዋለህ። ግን አታምነውም። የእውነት ድካሙ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ አንተ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደታወርክ ቆጠርከው።

አባዬ፣ የከዳህ ዐይንህ አይደለም። እኔ ነኝ።

የገጹ ጀርባ ላይ ምን እንዳገኘሁ ልንገርህ? ምንም። ባዶ ነበር። መጽሐፉ ያለቀው «ማን ነው?» ላይ ነው። ለዚያ ባዶ ገጽ ስል ነው ሥራህን ያጠፋሁት፤ ሃያ ሦስት ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት ይህንን ነው። በጣም አዝናለሁ። በቃል ልነግርህ አራት ጊዜ መጥቼ አራት ጊዜ ሻይ ጠጥቼ ተመልሻለሁ።

ዐይኔን በጨው አጥቤ ቁልፍ ስጠኝ የምልህ እንዴት እንደሆነ ትገረም ይሆናል። ይህን ደብቄ ብትሰጠኝ ግን እዚያ ቤት ገብቼ አንድ ቀን መዋል አልችልም። ስለዚህ አውቀህ ስጠኝ፣ ወይም አውቀህ ከልክለኝ። ብትከለክለኝ አልቀየምም፣ አልተወውምም። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ከደረጃ ሥር አንዲት ጠባብ ክፍል አይቻለሁ፤ ጎንበስ ብለው ይገባሉ፣ መስኮት የላትም። እዚያ እከፍታለሁ። መደብሩ ይከፈታል፣ እሱ ያለቀ ነገር ነው። ያላለቀው የት የሚለው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትጠየቅ አደርጋለሁ። ሰሌዳውን የሚያድስ ሰው ጠርቼ ያስጠፋኸውን ቃል አስፍቄ አወጣዋለሁ። ከሥሩ የእኔ ይጻፍ፣ የሞባይሉ ነጋዴ ይጻፍ፣ ከላይ ያንተው ሙሉውን ይነበባል። ወንድምጋሼ፣ በዚህ ልትከራከረኝ ከፈለግክ ቅዳሜ ና፤ ሸራው ላይ ነኝ። ስትመጣ መጽሐፍ ትገዛለህ።

መልስህን በዚያ ባዶ ገጽ ላይ አስጽፈህ ላክልኝ፤ ከታጠፈው ወረቀት ጋር ነው ያለው። እሺም ይሁን እምቢ፣ በአንድ ቃል ይበቃኛል፤ ከሥሩ ግን በራስህ እጅ ፈርምበት።

አሁን ወንድምጋሼ፣ ያንን ወረቀት ዘርጋለት። አባዬ፣ ጫፉን በጣትህ ዳስሰው፣ የመቀስህን አካሄድ ከማንም በላይ ታውቀዋለህ። ጥግ ላይ በእርሳስ የጻፍከው አልጠፋም፤ «የሙሽራው፣ ስልሳ ሁለት» ይላል። ሜትርህን ዛሬም ከኮትህ ኪስ እንደማታወጣው አውቃለሁ፣ በላዩ ያሉትንም ጭረቶች በጥፍርህ ትቆጥራቸዋለህ። ሳትቸኩል ከትከሻው እስከ እጅጌው ጫፍ ለካውና ቁጥሩን ጮክ ብለህ ለወንድምጋሼ ንገረው።

ልጅህ፣
መርፌ