ስለ ደምለው ጋሪና ስለ ክቡርነትዎ ካሚዮን

ዓርብ፣ የካቲት 10 ቀን 1931 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ለክቡር የመንገድና የጭነት ጉዳይ ሹም
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና እጠይቃለሁ። የደጋችን ብርድ ጉልበትዎን እንደሚቆረጥምዎት ከአስተርጓሚዎ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁና፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጉልበትዎ ተሽሎዎት፣ ምሳዎ ተስማምቶዎት፣ ካሚዮንዎም እንደ ልብዎ እየተመላለሰ እንደሚያገኝዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም፣ ምናልባት ለመጠየቅ ጊዜ ካገኙ፣ እስከ ዛሬ ጧት ድረስ አለን።

እኔ ጸሐፊው ኃይለ ሚካኤል እባላለሁ። በወጣትነቴ ዲማ ወርጄ ቅኔ ስቆጥር ኖሬ ሳልጨርስ የተመለስሁ፣ ከዚያ ወዲህ በዚሁ ከተማ በርና ሳጥን በመሥራት የምተዳደር አናጢ ነኝ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ደምለው የሚባለው ብረት ሠሪ ከግቢዎ እስር ቤት እንዲለቀቅና ሰኞ ጧት በካሚዮን ተጭኖ ወደማናውቀው አገር እንዳይወሰድ ነው። ጉዳዩን ለብቻዎ ለመንገር አሥራ አንድ ቀን ከደጅዎ ቆሜ ፊትዎን ለማየት ስላልታደልሁ፣ ደብዳቤውን በሦስት ቅጅ ጽፌ አንዱን ለክቡርነትዎ፣ አንዱን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር፣ አንዱን በገበያው መግቢያ ለማድረግ ተገድጃለሁ። አስተርጓሚዎ እንዳይቸገር ፊደሌን አጉልቼ ጽፌአለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ገበያችን ጸጥታ ማመስገን ይገባኛል። ቀድሞ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ከደብረ ኤልያስና ከአማኑኤል ጤፉን፣ ገብሱን፣ ቅቤውን ጭኖ የሚመጣው ሕዝብ የሚያስነሣው አቧራና ጫጫታ ዛሬ የለም። ገበሬው የክቡርነትዎን የወረቀት ገንዘብ አልቀበልም ብሎ እህሉን ከጉድጓድ አላወጣም። ነጋዴው በቅሎቹን ለሠራዊትዎ ስንቅ ማመላለሻ አስረክቦ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። በር የሚያሠራ ሰው በመጥፋቱ እኔም የገዛ ቤቴን በር ነቅዬ በሁለት ቁና ገብስ ለውጫለሁ። በር የሌለው ቤት አየር እንደ ልብ ስለሚገባበት ለጤና የሚስማማ መሆኑን በዚሁ አጋጣሚ ተምሬአለሁ፤ ለትምህርቱም ባለዕዳዎ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ከባሕር ማዶ ስለመጣልን ካሚዮን ምስጋናዬን ሳላቀርብ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። በከተማውና በአማኑኤል መካከል ያለው ጭነት ሁሉ በእርሱ ብቻ እንዲመላለስ ለአንድ ያገርዎ ሰው ፈቃድ መስጠትዎን በአዋጅ ሰምተናል። ካሚዮኑ በእውነት ግሩም ነው። ቤንዚን ሲያጥር ይቆማል፤ ዝናብ ሲጥል ይቆማል፤ አንድ ብሎን የወለቀ እንደሆነ ወንድሙ ብሎን ባሕር ተሻግሮ እስኪመጣ ድረስ ይቆማል። ባለፈው ክረምት በአማኑኤል መንገድ ላይ ሃያ ሦስት ቀን ቆሞ የአካባቢው ዶሮዎች ከሥሩ እንቁላል ጥለውበታል። የአገሬው ሰው በጭቃ ሲሰጥም እንዲገፋው ካልሆነ በቀር እንዲሳፈርበት አይፈቀድለትም። ለልብሳችን አስበው መሆን አለበት።

ሦስተኛ፣ የኛን ጥፋት ልናገር። ያን ካሚዮን እንዲገፉ ተይዘው ከሄዱት ሰዎች መካከል እኔና ደምለው ነበርን። ሌላው ሰው ሲገፋና ሲሳደብ ደምለው ጭቃው ውስጥ ተንበርክኮ የካሚዮኑን እግር፣ ዘንጉን፣ ክብደቱን የሚሸከመውን ብረት አንድ በአንድ ሲመለከት ዋለ። ስንመለስ፣ ከተማው ሊታየን ሲል፣ ‹‹አያ ኃይሌ፣ እንጨቱን እርስዎ ይያዙልኝ እንጅ ብረቱስ አይቸግረኝም›› አለኝ። ጋሪ እንሥራ ማለቱ እንደሆነ ሳልጠይቀው ገባኝ።

ክቡርነትዎ እንግዳ ነዎትና ስለ አገራችን ልማድ ጥቂት ላስረዳዎት። በእኛ ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው የሠራውን ማረሻ እንወስዳለን እንጅ ከሰውዬው ጋር ማዕድ አንቀርብም። ልጅ አንሰጠውም፤ መሬት አናወርሰውም፤ ዓይኑ ይበላል እያልን ሕፃን ያዘለች ሴት በደጁ ስታልፍ ነጠላ ታከናንባለች። ሰውን በዘሩ ለመናቅ ከባሕር ማዶ አስተማሪ ማስመጣት እንዳላስፈለገን ከዚህ ይረዱልኛል። እኔ ደግሞ ከካህናት ወገን ነኝ። ስለዚህ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ደምለው ጎጆ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ እየገባሁ ወናፍ ነፋሁለት፤ እርሱም ከተሰባበረ ማረሻና ከዶማ እየቀጠለ ዘንጉንና የመንኮራኩሩን ብረት አወጣ። እንጨቱ ወይራና ዋንዛ ነው። የምትጎትተው ሠራዊትዎ ስለ እርጅናዋ የናቃት አንዲት በቅሎ ነበረች።

ጋሪው ከጥቅምት ጀምሮ ከአማኑኤል ደብረ ማርቆስ ተመላለሰ። እህል አመጣ፣ ጨው ወሰደ፤ በበቅሎ መቀመጥ ያቃታቸውን በሽተኞችና ምጥ የጸናባቸውን ሴቶች ወደ ሐኪም አደረሰ። አንድ ነገር ሲላላ ደምለው ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስደግፎ ይቀጠቅጠውና እንቀጥላለን። ገበያውም ትንሽ ነፍስ ዘራ፤ እኛም በየቤታችን እንጀራ በላን። አንድ ቅዳሜ ጋሪያችን የቆመውን ካሚዮን አልፎ ሲሄድ በመንገድ ዳር የነበሩ ሴቶች እልል ብለዋል። ስለ እልልታው ይቅርታ እንጠይቃለን።

አራተኛ፣ ባለፈቃዱ ያገርዎ ሰው አሮጊት በቅሎ ገበያዬን ወሰደችብኝ ብሎ ስላመለከተ ለጋሪው የወጣለትን ደንብ አልዘነጋሁም። መብራት ይኑረው ተባልሁ፤ ፋኖስ አንጠለጠልሁ። ጡሩምባ ይኑረው ተባልሁ፤ የበሬ ቀንድ በስቼ አሠርሁ። ቁጥር ይጻፍበት ተባልሁ፤ በኖራ ጻፍሁ። የመንጃ ፈቃድ ይውጣ የተባለው ለእኔ ይሁን ለበቅሎዋ ግን እስከ ዛሬ ስላልተገለጸልን፣ ሁለታችንም ትእዛዝ እንጠብቅ ነበር።

ከዚያ ጥር ላይ ለመመዝገብ ከጽሕፈት ቤትዎ ቀረብሁ። አስተርጓሚው ስሜን ከጻፈ በኋላ ጋሪው የት እንደተሠራና ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። ከኋላዬ ተራውን የሚጠብቀው ሰው ልጄን ንግስትን ለልጁ ለማጋባት ሽማግሌ የላከብኝ የደብረ ኤልያስ ባለጸጋ ነበር። እኔ የቄስ ልጅ፣ ከቀጥቃጭ ቤት ወናፍ ስነፋ ከረምሁ ብዬ በዚያ ሰው ፊት መናገር ሞት ሆነብኝ። ስለዚህ፣ ‹‹ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ከአንድ ነጭ ነጋዴ ገዛሁት›› አልሁ። ደምለው ከበሩ ላይ በቅሎዋን ይዞ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም።

ጽሕፈት ቤትዎ በሥራው ቀልጣፋ ነውና ወዲያው የቀረጥ ወረቀት አምጣ አለኝ። የቀረጥ ወረቀት ስለሌለኝ ጋሪው በስውር የገባ የውጭ ዕቃ ተብሎ፣ በቅሎዋም አብራው እንደገባች ተቆጥራ፣ ሁለቱም በግቢዎ ታሰሩ። አንዲት የጎጃም በቅሎ በስተርጅናዋ ባሕር ተሻገርሽ ስትባል ማየት ለእኔም አዲስ ነበር።

አምስተኛ ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መጻፍ አልቻልሁም።

በማግሥቱ ደምለው ማንም ሳይጠራው፣ እኔም ሳላውቅ፣ ታጥቦ ነጠላውን አጣፍቶ ከጽሕፈት ቤትዎ ገባ። አስተርጓሚው እንደነገረኝ ያለው ይህን ነው፦ ‹‹ጌቶች፣ ጋሪው ያገር ቤት ነው፤ የኔ እጅ ነው። አያ ኃይሌ አፍረው ነው እንጅ ውሸታም ሰው አይደሉም።›› አላመኑትም። የአገሬው ሰው እንዲህ ያለ ዘንግ ሊሠራ አይችልም ብለው ብረትና ከሰል አቅርበው በፊታቸው አሠሩት። ሠራው። የቆሙት ሹማምንት እጃቸውን አጨበጨቡለት አሉ። ደምለው በዕድሜው ሙሉ ለሥራው ያጨበጨበለት ሰው ስላልነበረ፣ ደስ ብሎት ላቡን እየጠረገ እጅ ነሣቸው። ከዚያ በኋላ፣ ይህን የቻለ እጅ ለሽፍቶች ጠመንጃ መጠገን አያቅተውም ተብሎ ወደ እስር ቤት ወሰዱት።

ክቡር ሆይ፣ ደምለው ጠመንጃ ሠርቶ አያውቅም። ምንም የማይችል ሆኖ ቢገኝ ጋሪው ይወረስ ነበር፤ መቻሉ በመታወቁ ደግሞ ራሱ ተወረሰ። እኛ ምን ሆነን ብንገኝ ደስ እንደሚልዎት አንድ ቀን በአዋጅ ቢነግሩን ለመሆን እንጣጣር ነበር።

ሚስቱ፣ የብርጓል የምትባለው፣ ስንቅ ካቀበለችው በኋላ በየቀኑ ወደ ቤቴ ትመጣለች። ሃያ ዓመት በአንድ ከተማ ስንኖር አንድ ቀን ግቢ ብያት አላውቅም። አሁን እኔና ባለቤቴ ሽታዬ እጇን ይዘን ግቢ ብንላት፣ ‹‹ግድ የለም፣ እዚሁ ይሻለኛል›› ብላ በር በሌለው ቤቴ ደጃፍ እንደ ቆመች ትቀራለች። አትሰድበኝም፤ ምነው ዋሹ አትለኝም። የሰኞው ነገር ተሰማ ወይ ብላ ብቻ ትጠይቀኛለች። እኔም ገና ነው እላታለሁ። ክቡር ሆይ፣ ከዚህች ሴት ፊት መቆም ከብዶኛል፤ እንቅልፍም እህልም ከእኔ ርቀዋል።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ መዝገቡን እንዲያርም በሕዝብ ፊት እመሰክራለሁ። ጋሪው የተሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ብረቱን የሠራው ደምለው ነው፤ እንጨቱን የጠረብሁና ወናፉን የነፋሁ እኔ ኃይለ ሚካኤል ነኝ። የደብረ ኤልያሱ ባለጸጋ ይህን አንብቦ ሽማግሌዎቹን እንደሚመልስ አውቃለሁ፤ ንግስትም ታውቃለች፤ ይላክ ብላኛለች። ውሸት የተናገርሁ እኔ ነኝና ቅጣቱ የእኔ ነው። ሰኞ ጧት ከግቢዎ በር እገኛለሁ፤ በደምለው ፈንታ እኔን ይጫኑኝ። የእኔ እጅ በር ከመግጠም በቀር የሚያሰጋ ሙያ ስለሌለው በእርሱ ቦታ ለመታሰር እንደማልበቃ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የክቡርነትዎ ቸርነት ብዙ ነውና ጉድለቴን አይተው እንዳላዩ ቢያልፉልኝ እለምናለሁ። ጋሪውንም በቅሎዋንም ለመንግሥትዎ መርቄአለሁ። ሰውዬውን ብቻ ይመልሱልን።

በክቡርነትዎ መንገድ ላይ ለመሄድ ያልተፈቀደለት፣ በክቡርነትዎ ካሚዮን ላይ ለመጫን ግን በትሕትና የሚያመለክት፣ ጉልበትዎ እንዲሻለው ከልብ የሚመኝ፣

ታዛዥ አገልጋይዎ
ኃይለ ሚካኤል፣ የደምለው የሥራ ባልደረባ

ማስታወሻ፦ ይህን አጣጥፌ ልነሣ ስል የብርጓል ወሬ ይዛ መጣች። ሰኞ ደምለውን የሚወስደው ካሚዮን ባሌስትራው፣ ማለት ከሥሩ ሆኖ ክብደቱን የሚሸከመው ብረት፣ ተሰብሮ ኖሯል። ሌላ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ሦስት ወር ይፈጃል ስለተባለ፣ ደምለውን ከእስር ቤት አውጥተው ትናንት አሠርተውታል፤ ሠርቶም ገጥሞላቸዋል። የብርጓል ስንቅ ስታቀብለው፣ ምነው አበላሽተኸው በቀረህ ብትለው፣ ‹‹ብረቱ ምን አደረገኝ ብዬ?›› አላት። የሰፈራችን ሰው ሁሉ፣ ትናንት ነጠላ ይከናነቡበት የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ፣ ካሚዮኑ ዓባይ በረሃ ሳይደርስ ያ ብረት እንዲሰበር እየተሳሉ ነው። እኔ አልተሳልሁም። የደምለውን ሥራ አውቀዋለሁ፤ አይሰበርም።