የቡሬ እስርና የምንጭሽ ወሬ

ለእማዋይሽ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ከባድ ወሬ ስለሆነ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ፦ ላምሽ ቡሬ ታሰረች። ከተለየሽኝ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ይህን ያህል ቆይቼ የምጽፍልሽ የላም እስር መሆኑ ያሳፍራል። ግን ጥፋቱ ያንቺው ነው፤ ያሞላቀቅሻት አንቺ ነሽ።

አንቺ ታመሽ በተኛሽበት በጋ ውኃ የምትቀጂባት ምንጭሽ ደርቃ እንደነበር አትረሺውም። ከእሷ ውኃ ጉሮሮዬን ላርጥብ ስትይ ከርብ ወንዝ ቀድቼ የምንጭሽ ነው ብዬ ሰጠሁሽ፤ በአንድ ጉንጭ ነቃሽብኝ። ከሐዘንሽ መልስ የገበሬ ማኅበራችን ከምንጯ በላይ ያለውን ጉብታ ለከብት ከለከለ። እርከን ይሠራ፣ ዝናቡ እዚያው ይስረግ ተባለ። ከወረታ የመጣው የግብርና ሠራተኛ በአግድም ቆፍሩ ብሎን ነበር፤ ልጁ ተሳስቶ ነው አልን። እኛ የፎገራ ሰዎች ዕድሜ ልካችንን ውኃ ስናባርር የኖርን፣ ውኃ ቁጭ በል ማለት ከየት እንወቅ? እንደ ማሳችን ፈሰስ ቁልቁል ቆፈርነው። የመጀመሪያው ዶፍ በዚያው ተንደርድሮ ቤታችን ገባና በርጩማሽን አንሳፍፎ እስከ ደጅ ሸኛት። ጎረቤት ሲያዝን እኔ ሳቅሁ፤ ጎረቤት ልትጠይቂ የወጣሽ መሰለኝ። በበጋው አፈሩን መልሰን፣ በአግድም ሠራነው።

ቡሬ ግን አዋጅ አይገባትም። ከተከለከለው ሣር ውስጥ እስከ ሆዷ ገብታ ተያዘች። ሊቀ መንበሩ፣ ያ የክርስትና ልጅሽ፣ ኮስተር ብሎ «አያ ታከለ፣ ላምዎ ፀረ ሕዝብ ሆናለች» አለኝ። ሐዘን ላይ ናት ብዬ ብማልድላት፣ «ሐዘንተኛ እንዲህ ይበላል እንዴ?» ብሎ ሰው አሳቀብኝ። እሷ ግንድ ላይ ትታሰር፣ እኔ ለእርከኑ ድንጋይ ልሸከም ተፈረደ።

መጋቢት ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ደክሞኝ ከምንጭሽ ጉድጓድ አጠገብ ጋደም አልሁ። ሜዳው በወላፈን ይርገበገባል፤ ከብቶቹ መሬት ሳይነኩ በአየር ላይ ይሄዳሉ። አንቺም በመካከላቸው እንስራሽን አዝለሽ፣ ቀስ እያልሽ መጣሽ። ዛሬም ተኝተሃል? አልሽኝ። ልመልስልሽ ስል ክንዴን ቀዘቀዘኝ። ነቃሁ፤ እጅጌዬ ርሷል። በጣቴ ጫር ሳደርገው አፈሩ አለቀሰ። እስኪያቁር ጠብቄ ጠጣሁት፤ እንደ ጠጅ ይጣፍጣል።

ጮኼ ሰው ጠራሁ። እልልታው ቀለጠ፤ ሊቀ መንበሩም በደስታ ቡሬን ፈታት። እሷም ወዲያው ተመልሳ ሣሩ ውስጥ ገባች።

ውኃው ሲጠራ በቅል ቀድቼ መቃብርሽ ራስጌ የተከልኋትን ጥድ አጠጣታለሁ፤ ጉልበቴ እስከቻለ ድረስ የምንጭሽን ውኃ አታጭም።

እንግዲህ አንዱን ነገር ዋሽቼሻለሁ፤ አንቺ እንደሆን መንቃትሽ አይቀርም። እንደ ጠጅ ይጣፍጣል ያልሁት የኔ ጭማሪ ነው፤ ገና ጭቃ ጭቃ ይላል። ግን አልተፋሁትም። ሁለት ጉንጭ ጠጣሁ፤ አንዱ ያንቺ ነው።

ያው ታከለሽ