ውሉን ማን ጻፈው?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ከደረጃ ወድቀሽ የተጎዳው ጉልበትሽ ዳነልሽ ወይስ ብርድ ሲመጣ አሁንም ይጠዘጥዝሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? ልጅቷስ ማንበብ ጀመረች? እኔ ደህና ነኝ፤ ቀኝ ዐይኔ ብቻ ደብዘዝ ይልብኛል። ቢሆንም ማየት ያለበትን ያያል፤ ይህን የምጽፍልሽም ስላየው ነገር ነው።

እንደምታውቂው ከልብስ ሰፊዋ ጋር ልንጋባ ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ባለፈው ሐሙስ ከሱቋ ስትመለስ ጎራ ብላ የጋብቻ ውል ረቂቅ ሰጠችኝ። "ጠበቃ ነው ያዘጋጀው፤ አንብበውና እንፈርም" አለችኝ፤ ዐይኗን ግን ከመስኮቱ አላነሳችም። ሰው ሲዋሽ መስኮት እንደሚወድ ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜ ተምሬአለሁ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ፍቺ የሚለው አላስከፋኝም፤ ሁሉም ይዞ የመጣውን ይዞ ይሂድ ይላል፣ ልክ ነው። ስለ ሞት የሚለው ግን፣ ባል ቢሞት ሚስት በሦስት ወር ውስጥ የስፌት መኪናዋን ይዛ ቤቱን ትልቀቅ፣ ቤቱም ለልጁ ይሁን ይላል። የማን ሐሳብ ይሆን እያልኩ ሳሰላስል "ውርሥ" የሚለውን ቃል አየሁ። በእሳቱ ሰ መጻፍ ሲገባው በንጉሡ ሠ! ያውም አራት ጊዜ! እንዲህ የሚጽፍ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሦስተኛ ክፍል ሳለሽ ሳርምሽ "አባባ፣ ንጉሥም እኮ ይወርሳል" ብለሽ ተሟገትሽኝ፤ ከዚያ ወዲህ በእልህ እንዲሁ እንደጻፍሽ አለሽ።

በማግስቱ ሱቋ ሄጄ ጠየቅኳት። መጀመሪያ "እኔ ምን አውቄ" አለች፤ ቆየት ብላ ሳቀች። "ልጅህ ደውላ ለመነችኝ። ራሷ ብታነሳው 'ቤቴን ቋምጣ ነው' ትላለህ ብላ ፈርታ ነው" አለችኝ። እሷንም በዋዛ አልማርኳትም። ከቤት መውጣቱን ያለ ሙግት የሚቀበል ሰው ወይ አላነበበም፣ ወይ ሊከርም አላሰበም። ይህንኑ ስነግራት "አንብቤዋለሁ መምህር፤ አንተ ግን ሞት ራሱ ቢመጣ ፊደሉን ሳታርምለት አትሄድም፤ ጊዜ አለን" አለችኝ። ቀጥላም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ካልፈረመች ሠርጋችን ላይ እንደማትገኚ ነግረሻት እንደነበር ጨመረችልኝ። ይኼኛው ነው ያመመኝ።

ልጄ፣ በመጠርጠርሽ አልፈርድብሽም። ቤቱ እናትሽና እኔ ጡብ በጡብ ያቆምነው ነው። ግን ስለ እኔ ሞት እኔን ማነጋገር ሲገባሽ በጓሮ በር ዞርሽ። አሁን "ሦስት ወር" የሚለውን ሰርዤ "ዕድሜዋን ሙሉ ትኑርበት፤ ከእሷ በኋላ ለልጄ" ብዬ ጽፌአለሁ። ረቂቁን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እሺም ካልሽ እምቢም ካልሽ፣ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ጻፊ። እምቢ ብትዪም ሠርጉ አይቀርም። ወንበርሽ ግን ባዶ ይሆናል፤ እሱን በየትኛው አንቀጽ እንደምሞላው አላውቅም።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በረቂቁ ላይ እጁ ካለበት ግን ግማሹን አስቀሪበት። ለአማትሽ እንደምን አሉ በይልኝ። የልጅቷን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላሻለች፤ ለሠርጉ የምትለብሺውን ልትሰፋልሽ ስለሆነ የወገብሽን ልክ ቶሎ ላኪ ትላለች።

ገና በሕይወት ያለው አባትሽ
ከቤታችን፣ ማክሰኞ ጥቅምት 12 ቀን