ሁለተኛዋ እህት የት አለች?

ለምትናፍቂኝ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም እንደ ልማድሽ ደህና ነኝ እያልሽ ታታልይናለሽ? እማማስ እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም።

የምሥራች ልበልሽ፣ አንቺም ምሥር ብይ በዪኝ። የሱቃችን ስም ማዘጋጃ ቤት ተመዘገበ። «እህትማማቾች ልብስ ስፌት» ማለት ከእንግዲህ እኛ ብቻ ነን።

ነገሩ ግን እንደማወራልሽ ቀላል አልነበረም። ስሙ መመዝገብ እንዳለበት የሰማሁት ቀለም ቀቢው ጽፎ በሩ ላይ ከሰቀለልኝ በኋላ ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። መዝጋቢዋ ማመልከቻዬን አየችና፣ እህትማማቾች ካልሽ ሁለተኛዋ የት አለች አለችኝ። ለካስ ስሙ ከአንድ ሰው በላይ የሚጠራ ከሆነ፣ ባለቤቶቹ ሁሉ መመዝገብ አለባቸው። «እህት» ብለሽ አሳጥሪው ብላ መከረችኝ። ጎረቤቴ ጸጉር ሠሪዋ ደግሞ የራሷን እህት ልታውሰኝ ነበር። እህት በውሰት አልፈልግም አልኳት።

ባለፈው ወር ፈርመሽ መልሺልኝ ያልኩሽ ወረቀት ትዝ ይልሻል? ለምን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቂኝ የፈረምሽው? አንቺንም ባለቤት አድርጌ ያስመዘገብኩሽ በእሱ ነው። እምቢ እንደምትዪ ስለማውቅ ዝም አልኩሽ። ትሠሪበት የነበረው ፋብሪካ ከተዘጋ ወዲህ የሰው ፊት እያየሁ ልኖር ነው ማለትሽን ሰምቼ አንጀቴ አርሮ ነበር።

ከዚያ ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ ተብሎ ስሙ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ማን ቢቀርብ ጥሩ ነው? ከፊት ለፊታችን ያለው ኮት ሰፊ! አንዷ ብቻዋን ተቀምጣ ሰው ታታልላለች፣ ሌላዋ እንዲያው የስም ናት አለ። እኔና እሱ ተጠራን። ስሙ ቢቀር ደንበኞቼንም አጣለሁ፣ አንቺንም ባለሱቅ ሳላደርግሽ ልቀር ነው። በወረቀት ቆርጠሽ የምትልኪልኝን የልብስ ልክ በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ጀርባው፣ እጅጌው፣ ኮሌታው፣ ሁሉም ላይ የእጅ ጽሕፈትሽ አለ፤ «እዚህ ጋ አትቸኩዪ» የሚለው ስድብሽ ሳይቀር። እኔ እሰፋለሁ እንጂ ልኩን የምታወጣው እሷ ናት አልኩ። መዝጋቢዋ አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና፣ ይህችማ የስም አይደለችም ብላ ማህተሙን አሳረፈችው። ኮት ሰፊው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ዛሬ ጠዋት የኮት ቁልፍ አልቆበት ሊበደር መጣ። ሰጠሁት፤ ደስ ብሎኝ የለ፣ በማን እቀየማለሁ።

ምስክር ወረቀቱ ላይ ስምሽ ከስሜ በላይ ነው። ታላቅ ነሽ፣ ይገባሻል።

እማማን ጉልበቷን፣ ባለቤትሽን ትከሻውን፣ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ያን ሰነፍ ወንድማችንንም ሰላም በዪው፤ ሱሪው ተሰፍቷል።

ደግሞ መዝጋቢዋን ጠይቄያታለሁ። ድርሻዬን አልፈልግም የሚል ባለቤት በደብዳቤ አይሰናበትም፣ ራሱ መጥቶ እኔ ፊት ይፈርማል ብላለች። እንግዲህ እምቢ ካልሽ፣ ነይና እምቢ በዪ።

ታናሽሽ
ከሱቃችን፣ ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን