ቀይ አፈር ያለበት ካሮት

ለወንድም ጋሼ፣

ዛሬ ረፋድ ላይ ሐኪምህ ስልክ ደውሎ ነበር። የቀዶ ጥገናው የስምምነት ወረቀት እስካሁን አልተፈረመበትም።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገር በመግባቴ አትቀየመኝ። እንደምን ሰነበትክልኝ? ሳሉ ቀለል አለህ? ያ አጠገብህ የተኛው ሹፌር አሁንም በእንቅልፉ መሪ ይጠመዝዛል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጤናዬን ማለቴ ነው። እግሬ ግን አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። ስፌት ቤት ዛሬ በአሥራ ሁለት የተማሪ ሸሚዞች ላይ ቁልፉን በማይሆነው ወገን ተክዬ፣ አለቃችን «እነዚህን የሚለብሱት ልጆች ወደ ኋላ ነው እንዴ የሚራመዱት?» ብላ ሁሉንም አስፈታችኝ። ይህን ደብዳቤ ስጽፍ እንኳ አራት ጊዜ ተነስቼ በጓሮው መስኮት አይቻለሁ።

የምጽፍልህ እሑድ እሑድ ፊትህ ስቀመጥ አንደበቴ ስለሚተሳሰር ነው። ነገሩ የጓሮው ነው።

ጋሼ፣ ጓሮው ባዶ ነው። መጸው እንደገባ የጥቅል ጎመኑን ችግኝ ልክ እንዳዘዝከኝ አዛወርኩ፤ በአንድ ክንድ ርቀት፣ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ስትበርድ። እስከዚያ ድረስ ጎበዝ ነበርኩ። ከዚያ ያላዘዝከኝን አደረግኩ። ቶሎ እንዲወፍርልኝ ብዬ፣ ጎረቤታችን መምህርቷ ዶሮ ቤቷን ጠርጋ ያወጣችውን ኩስ፣ ትኩሱን፣ ባልዲ በባልዲ እየተሸከምኩ መደቡን ሁሉ አለበስኩት። በአምስተኛው ቀን ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ቡናማ ሆነ፤ በሳምንቱ ተቃጥሎ ተኛ። ካሮቱም፣ ቀይ ሥሩም፣ ቆስጣውም ከዚያው ስለቀመሱ አልተረፉም። መምህርቷ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «አንቺ ልጅ፣ ጎመን ነው የተከልሽው ወይስ ከሰል?» አለችኝ። ኩስ ወራት ተከምሮ ካልበሰለ እንደሚያቃጥል የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው። ባልዲውን ስታቀብለኝ ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት «የእሱ እህት ሆነሽ ይጠፋሻል ብዬ አላሰብኩማ!» አለች።

እንግዲህ በየእሑዱ ያመጣሁልህ ሁሉ የገበያ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባል የለ? በመጀመሪያው እሑድ ያገኘሁትን አንስቼ ነበር የመጣሁት፤ በሦስተኛው ግን የእኛ እንዲመስል ከነቅጠሉ፣ ከነአፈሩ መርጬ መግዛት ለምጄ ነበር። የሆስፒታሉን ሰሃን ሳትነካ ስትመልስ የከረምክ ሰው፣ «የጓሮዬ ከሆነስ ልቅመስ» ብለህ መብላት ስትጀምር እንዴት ብዬ ልተው?

ያን ካሮት በአውራ ጣትህ አሸት አድርገህ «የእኛ ግቢ ጥቁር አፈር መቼ ነው የቀላው?» ያልከኝ ቀን ትዝ ይልሃል? «ዝናቡ ነው» አልኩህ። አንተም «ዝናብ የማያደርገው የለም» ብለህ፣ ለሁለት ሰብረህ ግማሹን ለሹፌሩ ሰጠኸው። «ብላ እንጂ፣ እህቴ ያበቀለችው ነው» አልከው። የራስህን ድርሻ እስከ ጫፉ ቆረጣጥመህ ጨረስክ። ያን ቀን ስመለስ፣ አስተያየትህን ሳወጣ ሳወርድ አውቶቡሱ ሁለት ፌርማታ አሳለፈኝ።

አሁን ሐኪሙ ያለኝን ልንገርህ። በአንድ ወር ሁለት ኪሎ ጨምረሃል። ሳንባህ ላይ ያለውን ነገር ለማስወጣት አሁን አቅም አለህ፤ ከዚህ ወዲያ ላይኖርህ ይችላል። ታዲያ ለምን አልፈረመም ብዬ ስጠይቀው፣ «ቤቴን አስተካክዬ ነው የመጣሁት፣ አትድከሙ አለን» ብሎ መለሰልኝ።

ከስፌት ቤት እንደተመለስኩ የነጭ ሽንኩርቱን ፍሬ ፍለጋ የዘር ማስቀመጫ ቆርቆሮህን ከፈትኩ። እጄን ሥራ ላስይዘው ብዬ ነው እንጂ ሌላ አልነበረኝም። በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ መቼ እንደሚዘራ፣ በስንት ቀን ውሃ እንደሚጠጣ፣ መቼ እንደሚነሳ ጽፈሃል፤ ከዘንድሮ መጸው እስከሚመጣው መጸው ድረስ። ሆስፒታል ከመግባትህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ የተጻፈ ነው፤ ቀኑን አይቼዋለሁ። የአንተ ጽሑፍ ጉንዳን የተራመደበት ይመስል ነበር። ይኼኛው ግን ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ያክላል። በቤታችን መነጽር የማደርገው እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሼ፣ ቤትህን አላስተካከልክም። ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አሳድገኸኝ ምን ያህል እንደማላውቅ ረስተሃል። ያን ሁሉ ስትጽፍ ስለ ኩስ አንዲት ቃል የለችም፤ አንተ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር የሚጻፍ አይደለማ። ነጭ ሽንኩርቱም ላይ «መሬቱ ሳይጠነክር ትከዪው» ይላል እንጂ የፍሬው የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደሚሆን አይልም። ዛሬ ጠዋት ሣሩ ላይ ስስ ውርጭ አይቻለሁ። መደቡን ቆፍሬ አዘጋጅቻለሁ፣ ፍሬው ግን ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው። መምህርቷን አልጠይቃትም። አንተን ነው የምጠይቀው፣ እዚያው መደቡ ላይ ቆመህ ስትቆጣኝ።

ደብዳቤውን ያመጣችልህን ነርስ አትቆጣት፤ ለምኛት ነው። ያሳደጉኝ እጆችህ አይዛሉ። ትንፋሽህን ይመልስልህ፤ እናትና አባታችን ሳይጠግቡት የቀረውን ዕድሜ ላንተ ያድርግልህ።

ሐኪሙ ተራህን የሚይዝልህ እስከ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ብቻ ነው። ከስፌት ቤት ፈቃድ ወስጃለሁ፤ በሁለት ሰዓት በሩ ላይ እገኛለሁ።

ታናሽ እህትህ